ፋይዳህን ተወውና መጀመሪያ ሲምህን ያዝ

ጥያቄው፦ «የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ነው። ተመርቄ ሥራ ፍለጋ ላይ ነኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት ቴሌግራም ላይ የሥራ ማስታወቂያ አይቼ የቀበሌ መታወቂያዬን፣ የፋይዳ ካርዴን ፊትና ጀርባ፣ ካርዱን ይዤ የተነሳሁትን ፎቶም ላክሁ። ከዚያ ‹ምዝገባህ እንዲጸድቅ በስልክህ የመጣውን ቁጥር ላክልን› አሉኝ፤ ላክሁላቸው። በማግስቱ ጓደኞቼ ‹ምን ሆነህ ነው ብር የምትጠይቀን?› እያሉ ደወሉ። ሁለቱ ልከው ነበር። ቴሌግራሜ ስልኬ ላይ አሁንም ይከፈታል። ትናንት ደግሞ አንድ ሰው ደውሎ ‹የወሰድኸውን ብድር ክፈል› አለኝ። እኔ ምንም አልተበደርሁም። ፋይዳዬን አሰርዤ አዲስ ባወጣ ይሻላል? በፋይዳ ቁጥሬ ባንክ ያለችኝን ብር ሊወስዱብኝ ይችላሉ? ጓደኛዬ *#21# ብትደውል መጠለፍህን ታውቃለህ ብሎኛል፤ እውነት ነው? ፖሊስ ጋ መሄድስ ዋጋ አለው?»

ምላሽ፦

ፋይዳህን ለማሰረዝ አትሩጥ። የቀበሌ መታወቂያ ሲጠፋ በሌላ ይተካል። ፋይዳ ግን የተያያዘው ከአካልህ ጋር ነው። ስትመዘገብ የአሥር ጣት አሻራህን፣ የዓይንህን አይሪስና የፊትህን ምስል ሰጥተሃል። ሥርዓቱ የቆመው አንድ ሰው ሁለት ሆኖ እንዳይመዘገብ ነው። እንደ አዲስ ልመዝገብ ብለህ ብትቀርብ አሻራህ ራሱ ይመሰክርብሃል። ስለዚህ እዚያ ሰልፍ ላይ ጊዜህን አትፍጅ። የሚያስቸኩል ሌላ ነገር አለ።

በፋይዳ ቁጥርህ ብቻም ባንክ ያለችህን ብር ማንም አያወጣም። ቁጥሩ አንተ ማን እንደሆንህ ይናገራል እንጂ ካዝና አይከፍትም። ባንክ መስኮት ላይ ራስህ መቅረብና መፈረም አለብህ፤ በስልክ ከሆነ የሚስጥር ቁጥርህ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የፋይዳ ቁጥሩ ታየ ብሎ እንቅልፍ ያጣል። ያው ሰው ግን የቴሌብር ፒኑን የተወለደበትን ዓመት አድርጎ ሰላም ይተኛል። መታወቂያው ላይ የልደት ቀኑ ተጽፎ የለም እንዴ?

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከላክኸው ሁሉ የከፋው ፎቶው አይደለም። በመጨረሻ የላክኻት ያቺ ቁጥር ናት።

በእኛ አገር ዛሬ ማንነትህ የተንጠለጠለው በስልክ ቁጥርህ ላይ ነው። ቴሌግራም በስልክ ቁጥር ይከፈታል። ቴሌብርም ኤምፔሳም እንዲሁ። የባንክ አፕ ሲጫን ኮድ የሚመጣው በስልክ ነው። ፋይዳ እንኳ በኢንተርኔት አንተነትህን ሲያረጋግጥ አንዱ መንገዱ ስትመዘገብ ወደሰጠኸው ስልክ ኮድ መላክ ነው። መታወቂያህን የያዘ ሰው ስለ አንተ ያውቃል። ኮድህን የያዘ ሰው ግን ለዚያች ቅጽበት አንተን ሆኗል። ልዩነቱ ይህ ነው።

ስለዚህ ማንንም ሳታማክር፣ ምንም ሳትሰርዝ፣ ያቺን ቁጥር የያዘችውን መልእክት በኤስኤምኤስህም በቴሌግራምህም ውስጥ ፈልገህ አንብብ። ያኔ ቁጥሯን ብቻ ነው ያየኸው። አሁን ዙሪያዋን ያለውን ጽሑፍ እይ። ማን ነው የላከው? ለምንድን ነው የላከው? የቴሌግራም መግቢያ ኮድ ከሆነ የጠፋብህ ቴሌግራምህ ነው። ከፋይዳ የመጣ ማረጋገጫ ከሆነ በአንተ ስም አንድ ቦታ የሆነ ነገር ተከፍቶ ሊሆን ይችላል። ከቴሌብር ወይም ከባንክ ከሆነ ገንዘብህ ላይ ሞክረዋል። የጓደኞችህን ስልክ ጥሪ ሳየው የመጀመሪያው ይመስለኛል። ግን ኮዱ አንድ ብቻ መሆኑን እርግጠኛ ነህ? ብዙ ጊዜ «አልደረሰንም፣ እንደገና ላክ» ይላሉ። ሁለተኛው ኮድ የሌላ ነገር ይሆናል። በዚያ ቀን የመጡትን ሁሉ አንድ በአንድ አንብባቸው። ሰዓታቸውንም መዝግብ፤ ኋላ ያስፈልግሃል።

ቴሌግራሙን ዛሬውኑ አስተካክል። ሴቲንግስ ውስጥ ዲቫይስስ የሚል አለ። እዚያ አካውንትህ የተከፈተባቸው ስልኮችና ኮምፒውተሮች ተዘርዝረዋል። መጀመሪያ ስክሪን ሾት አንሳ፤ የስልኩ ዓይነት፣ ቦታና ሰዓት ይታያል። ከዚያ ከአንተ ስልክ በቀር ሁሉንም የሚያስወጣውን ተጫን። ቀጥለህ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን የሚለውን ክፈትና የይለፍ ቃል አስገባ፤ የማገገሚያ ኢሜይልም አብረህ ስጥ። ይህ ካለህ ወደፊት ኮድህን ያገኘ ሰው የይለፍ ቃሉን ካላወቀ አይገባም። ሌባው ቀድሞህ የራሱን የይለፍ ቃል አስገብቶ ካገኘኸው አትደንግጥ። እሱን ለማስወጣት የይለፍ ቃሉ አያስፈልግህም። የይለፍ ቃሉን ለማስቀየር ግን ማገገሚያው ኢሜይል የአንተ ካልሆነ የ7 ቀን መጠበቂያ አለው።

ቴሌግራምህ እስካሁን ስልክህ ላይ መከፈቱ ሌባው ስለራራልህ አይደለም። አዲስ የገባ ሰው ለመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነባሮቹን ማስወጣት አይችልም። ከዚያ በኋላ ይችላል። አላስወጣህም፣ ምክንያቱም አንተ ባትነቃ ይሻለዋል። ሦስት ሳምንት ሙሉ የምትጽፈውን ሲያነብ ነበር ብለህ ቁጠር። ለእናትህ የላክኸው የባንክ ቁጥር፣ ለጓደኛህ የላክኸው የዲግሪ ቅጂ፣ «ሴቭድ ሜሴጅ» ውስጥ ያስቀመጥኸው የይለፍ ቃል ካለ ሁሉም ታይቷል። እዚያ የነበረ ማንኛውም ፒን ዛሬ መቀየር አለበት።

ከማስወጣትህ በፊት ከአጭበርባሪዎቹ ጋር የተጻጻፍኸውን ሁሉ ስክሪን ሾት አንሳ። ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን ንግግሩን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል። ነገ ልትከፍተው ስትል ባዶ ሊሆን ይችላል። ቴሌግራም ላይ በ@ የሚጀምረው መጠሪያቸውም በደቂቃ ስለሚቀየር በእሱ ብቻ አትተማመን።

አሁን ሲሙ። ጓደኛህ ስለ *#21# የነገረህ ሩብ ያህሉ እውነት ነው። ይህ ኮድ የሚያሳየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጥሪህ ወደ ሌላ ቁጥር እንዲዞር ታዝዞ እንደሆነ። ስልክህ መጠለፉን፣ ቫይረስ መኖሩን፣ ቴሌግራምህ በሌላ እጅ መሆኑን አያሳይም። «ምንም የለም» ብሎህ ተረጋግተህ ቢሆን ኖሮ ሌባው ቴሌግራምህ ውስጥ ተቀምጦ ይስቅ ነበር። ሆኖም መደወሉ አይጎዳም። አንዳንድ አጭበርባሪ «ኔትወርክህን እናስተካክል» ብሎ ሁለት ኮከብና 21 የሚጀምር ቁጥር ያስደውላል። ያኔ ጥሪህ ወደ እሱ ይዞራል፤ በድምፅ ጥሪ የሚመጣ ኮድም አብሮ ይሄዳል። ጥሪህ ዞሮ ካገኘኸው ##002# ብለህ ብትደውል ሁሉንም ማዞሪያ ይሰርዛል።

ከዚህ የሚከፋው ሲምህ በሌላ ሰው እጅ እንደገና ሲወጣ ነው። የመታወቂያህ ቅጂ ያለው ሰው «ሲሜ ጠፋብኝ» ብሎ ለመሞከር መነሻ አለው። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ስልክህ በድንገት ኔትወርክ ያጣል። ችግሩ ጎንደር ውስጥ ኔትወርክ ሲጠፋ ማን ይገረማል? «መብራት ስለሄደ ነው» ብለን ቁጭ እንላለን። አንተ ግን ከእንግዲህ እንዲህ አድርግ። ኔትወርክ ሲጠፋ ያው የአንተን ኔትወርክ የሚጠቀም ጎረቤት «ያንተ ይሠራል?» ብለህ ጠይቅ። የእሱ እየሠራ የአንተ ብቻ ከሞተና አጥፍተህ ስታበራው ካልተመለሰ በሌላ ስልክ 994 ደውል። የሳፋሪኮም ከሆነ 700 ነው። እስከ ማታ አትጠብቅ።

ነገ ጠዋት ደግሞ ዋናውን መታወቂያህን ይዘህ ወደ ቴሌ ማዕከል ሂድ። በስምህ ስንት ቁጥር እንደተመዘገበ አስፈትሽ። የማታውቀው ካለ እንዲዘጋ ጠይቅ፤ በጽሑፍ ይሁን። በዚያ ቁጥር ነገ ሌላ ሰው ቢጭበረበር መጀመሪያ የሚፈለገው የአንተ ስም ነው። በነገራችን ላይ ለአጎት ልጅ፣ ለገጠር ዘመድ፣ ለጓደኛ ብለህ በስምህ ያወጣኸው ሲም ካለም አሁን አስታውሰው። «በስምህ አንድ ሲም አውጣልኝ» ሲባል እንቢ ማለት ይከብዳል። አውቃለሁ፣ እኔም አውጥቼ አውቃለሁ። ግን ማንነትህን በገዛ እጅህ ማበደር ነው።

ሲምህ ላይ ፒን አድርግበት። ስልክህ ቢሰረቅና ሌባው ሲሙን አውጥቶ ሌላ ስልክ ውስጥ ቢከተው ያለ ፒኑ አይሠራለትም። ጥምቀት ላይ ፋሲል መዋኛ ዙሪያ ባለው ግፊያ ስልክ የሄደበት ሰው ይህን ቶሎ ይረዳል። አንድ ማስጠንቀቂያ፤ ሲም ፒን 3 ጊዜ ከተሳሳትህ ይቆለፍና 8 አሃዝ ያለው ፑክ ቁጥር ይጠይቅሃል። እሱን 10 ጊዜ ከተሳሳትህ ሲሙ ለዘላለም ይሞታል። ፑኩ ሲሙ በመጣበት ካርድ ላይ አለ፤ ካርዱን ከጣልኸው ቴሌ ጠይቅ እንጂ በግምት አትሞክር። ሌላም ትንሽ ነገር አለ። ስልክህ ተቆልፎ ሳለ መልእክት ሲመጣ ጽሑፉ ስክሪኑ ላይ እንዳይታይ አድርግ። ስልክህን ያልከፈተ ሰው ኮድህን ማንበብ የለበትም።

የቴሌብርና የባንክ ፒንህን ዛሬ ቀይር። አካውንትህ ውስጥ 200 ብርም ቢሆን ቀይር። ባንክህ ጋ ሄደህ መታወቂያህ በአጭበርባሪ እጅ እንደገባ ተናገርና በስምህ ሌላ ሂሳብ ወይም የሞባይል ባንኪንግ ተከፍቶ እንደሆነ አስፈትሽ። ገንዘብ የላኩት ሁለቱ ጓደኞችህ ግን ራሳቸው መደወል አለባቸው። አንተ ስለእነሱ አቤት ማለት አትችልም፤ ሂሳቡ የእነሱ ነው። በቴሌብር ከላኩ 127፣ ከንግድ ባንክ ከላኩ 951። ገንዘቡ የገባበትን ስምና ቁጥር ይያዙ። እውነቱን ልንገርህ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ብሩ እዚያው ተቀምጦ የመገኘቱ ዕድል ጠባብ ነው። የተቀባዩ ስም ግን ለፖሊስ ክር ነው።

ሌሎቹን ጓደኞችህን በቴሌግራም ብቻ አታስጠንቅቅ። ያንኑ አካውንት ማን እንደያዘው እነሱ በምን ያውቃሉ? ደውልላቸው። ድምፅህን ይስሙ። ጎንደር ውስጥ አንድ የማልለውጠው ጥቅም አለ፤ ሰው ይተዋወቃል። እናትህ ለዕድር ሰዎች ቢናገሩ፣ አንተ ለክፍል ጓደኞችህ ብትደውል፣ በሁለት ቀን ወሬው ከማራኪ እስከ አዘዞ ይደርሳል። «እናቴ ታመመችብኝ፣ ትንሽ ብር» የሚለውን መልእክት ከእንግዲህ የሚያምን አይኖርም።

አሁን ብድሩ። እዚህ ላይ ረጋ በል፤ ምክንያቱም የደወለልህ ሰው እውነተኛ አበዳሪ መሆኑን አታውቅም። ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው፣ የድሮዎቹ አጭበርባሪዎች ሁለተኛ ዙር ነው። ሙሉ ስምህን፣ የልደት ቀንህንና ፎቶህን ከላክህላቸው በኋላ እንደ ድርጅት ሆኖ መደወል ምን ያቅታቸዋል? ሁለተኛው፣ ሞክሼ ነው። በእኛ አገር ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። ሦስቱም የሚገጥምለት ሰው እንኳን በክልሉ፣ በአንድ ቀበሌም አይጠፋም። በባንክ በሠራሁባቸው ዓመታት «ተሰረቅሁ» ብሎ የመጣ ሰው መጨረሻው የስም መመሳሰል የሆነበትን ብዙ አይቻለሁ። ሦስተኛው፣ በእውነት በስምህ ብድር ወጥቷል። በስልክ የሚሰጡ ትናንሽ ብድሮች ዛሬ ብዙ ናቸው። ቅርንጫፍ መሄድና ዋስ መጥራት አያስፈልጋቸውም፤ ቁጥርህና ማረጋገጫህ ይበቃቸዋል።

ሦስቱንም የሚለየው አንድ መንገድ ነው። በደወለልህ ቁጥር መልሰህ አትደውል። የድርጅቱን ስም ያዝና በእግርህ ቅርንጫፉ ድረስ ሂድ። ብድሩ መቼ ወጣ፣ ስንት ነው፣ ገንዘቡ ወደየትኛው ቁጥር ወይም ሂሳብ ገባ፣ በምን ማረጋገጫ? እነዚህን ጠይቅ። ድርጅቱ «እኛ አልደወልንም» ካለህ ተገላገልህ። ብድሩ ካለ ግን ደብዳቤ ጻፍ። እንዳልተበደርህ፣ መታወቂያህ መቼና እንዴት እንደተወሰደ፣ ክርክር እንዳለህ በአጭሩ ግለጽ። ሁለት ቅጂ አዘጋጅ። አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ አድርግ፤ የአንተው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ይምታልህ። ይህን እንደ ቀልድ አትየው። ከስድስት ወር በኋላ «ነግሬያቸው ነበር» ማለት ምንም አይደለም፤ ማህተም ያለበት ወረቀት ግን ይናገራል።

አንድ ብር እንኳ አትክፈል። «ትንሽ ከፍዬ ዝም ይበሉኝ» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። መክፈል ዕዳውን እንደማመን ሊቆጠርብህ ይችላል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1678 ውል የሚጸናው ተዋዋዮቹ ፈቃዳቸውን ሲሰጡ ነው። አንተ ያልፈቀድኸው ውል አያስገድድህም። ይህን ማስረዳት ግን በአንተ ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ ኮዱን በእጅህ መላክህም በክርክሩ መነሳቱ አይቀርም። አልዋሽህም፣ ይህ ነጥብ ያዳክምሃል። ለዚህ ነው የቀን፣ የሰዓትና የስክሪን ሾት ማስረጃህ ንጹሕ መሆን ያለበት። ነገሩን አታቆየው። አበዳሪዎች ብድር ከመስጠታቸው በፊት በብሔራዊ ባንክ ባለው የብድር መረጃ ማዕከል ያጣራሉ። ያልተዘጋ ብድር በስምህ ከተቀመጠ ከአምስት ዓመት በኋላ ለሱቅህ ብድር ስትጠይቅ ይወጣብሃል።

ፖሊስ ጋ መሄድ ዋጋ አለው ወይ ላልኸው፣ አለው። አንተ በጠበቅኸው ምክንያት ግን ላይሆን ይችላል። ሌባው አዲስ አበባ ይሁን ጅማ ወይም ከአገር ውጭ፣ በሳምንት ተይዞ ይመጣል ብለህ አትጠብቅ። የምትሄደው አቤቱታህ በቀን እንዲመዘገብ ነው። አበዳሪውም ባንኩም የሚጠይቁህ ይህንኑ ነው። ሕጉ አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 11 የሌላን ሰው የኤሌክትሮኒክ ማንነት መለያ ያለፈቃዱ መያዝን፣ መሸጥን፣ ማስተላለፍን ወንጀል አድርጎታል። የጣቢያው መርማሪ «ብርህ ስላልጠፋ ምን እናድርግልህ» ቢልህ ይህን አንሳለት፤ በትሕትና። የወሰድኸው ማስረጃ የታተመ ይሁን። ስልክህን ዘርግተህ «ይኸው እይ» ማለት መዝገብ አይሆንም።

ከዚህ በኋላ አንድ ወጥመድ ይጠብቅሃል። መሰረቅህን በይፋ ስትናገር «እኔ ሀከር ነኝ፣ አካውንትህን አስመልስልሃለሁ፣ ሌባውን አገኝልሃለሁ» የሚል ይመጣል። ክፍያ ይጠይቃል፣ ወይም ሌላ ኮድ። ያው እጅ ነው፣ ጓንት ቀይሮ የመጣ። ከኢንሳ (ከመንግሥት የሳይበር ደህንነት ተቋም) ጋር መነጋገር ከፈለግህ 933 አለልህ፤ ከዚያ ውጭ ማንንም አትቅጠር።

ማገገም የማይችለውን ደግሞ ልንገርህ። የላክሃቸው ፎቶዎች አይመለሱም። የቀበሌ መታወቂያህን ብትቀይርም የፊትህ ምስል፣ ስምህና የልደት ቀንህ እነሱ ጋ ናቸው፤ ፊት ደግሞ አይቀየርም። ስለዚህ ይህ ነገር በአንድ ቀን አይዘጋም። ለዓመት ያህል በየሦስት ወሩ ቴሌ ጋ በስምህ ያለውን ቁጥር፣ ባንክህ ጋ በስምህ ያለውን ሂሳብ አስፈትሽ።

ሥራ ፈላጊ ነህና ይህም ያስፈልግሃል። እውነተኛ ቀጣሪ የመታወቂያ ቅጂ የሚጠይቀው ሊቀጥርህ ሲል ነው፤ ማመልከቻ ላይ ስምና ስልክ ይበቃል። ኮድ የሚጠይቅ ቀጣሪ የለም። የሚቀጥለው «ሥራ» ደግሞ እንዲህ ይሆናል፤ «አካውንትህን አውሰን፣ የሚገባውን ብር አውጥተህ ላክልን፣ ከመቶ አምስት ያንተ ነው።» አካውንትህን ካከራየህ የሌላ ሰው የተሰረቀ ብር በአንተ ስም ያልፋል። ያን ጊዜ አንተ ተበዳይ አይደለህም። በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ ማስመሰልን ለመከላከል በወጣው አዋጅ ተጠርጣሪ ነህ። የተመረቀ ልጅ በዚህ ሲወድቅ ማየት ከሁሉ ያመኛል።

ቅጂ መስጠት ግን አይቀርም። ቀበሌ ይጠይቃል፣ ባንክ ይጠይቃል፣ አከራይ ይጠይቃል። ፒያሳም ሆነ በዩኒቨርሲቲው ግቢዎች በር ላይ ያሉትን የፎቶ ኮፒ ቤቶች አስብ። «በቴሌግራም ላክልኝ» ይልሃል ልጁ፤ ትልካለህ፣ ያትማል፣ ሦስት ብር ይሁን አምስት ከፍለህ ትሄዳለህ። ፎቶህ ግን እዚያ ኮምፒውተር ላይ ከመቶ ሰው መታወቂያ ጋር ተቀምጦ ይቀራል። ልጁ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ማንም አጥፋ ስላላለው ነው። ሲያትም አጠገቡ ቁም፣ ፋይሉን እንዲያጠፋ ንገረው፣ ከቴሌግራሙም ከሁለታችሁም ወገን አጥፋው። የፋይዳ ካርድ አትምልሃለሁ ብሎ የመጣልህን ኮድ የሚጠይቅህ ካለ ደግሞ አትስጠው። ኮዱን ራስህ አስገባ፣ ወይም ካርዱን በሕጋዊ መንገድ አሳትም። ቅጂው ላይም ፊትህንና ስምህን ሳትሸፍን በእስክሪብቶ ጻፍበት፤ «ለቤት ኪራይ ውል ብቻ» ብለህ ቀኑንም ጨምር። አንዳንድ ቢሮ ፊቱን ያጠቁርብሃል። ቢሆንም ጻፍ፤ እንደዚያ የተጻፈበት ቅጂ ለብድር አይመችም።

ይህን የምለው በጨዋታ አይደለም። አንድ ጊዜ ፒያሳ ለውዝ ገዝቼ ወረቀቱን ስፈታ የሰው የብድር ማመልከቻ ሆኖ አገኘሁት። ሙሉ ስም፣ የሚስት ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ፣ ፊርማ። ጥርት ያለ ፊርማ! ከየትኛው ቢሮ እንደወጣ ያስታውቃል፣ ስሙን ግን አልጠራም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ መረጃህን የሰበሰበ ድርጅት የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ የሚቆጣጠረውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ለውዝ ሻጯ ግን አዋጁን አላነበበችም። ስለዚህ የተበላሸ ቅጂህን ቀደህ ጣል።

የመጨረሻው ስለ እናትህ ነው፤ አልጠየቅኸኝም። እሳቸው ለፋይዳ ሲመዘገቡ የማንን ስልክ ነው የሰጡት? በብዙ ቤት የአንዱ ልጅ ቁጥር ነው የሚሰጠው፤ ምናልባት የአንተ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ የእሳቸው ማረጋገጫ ኮድም ወደ አንተ ስልክ ነው የሚመጣው። በሦስቱ ሳምንታት ውስጥ ለአጭበርባሪዎቹ ካስተላለፍኻቸው ቁጥሮች አንዱ የእሳቸው እንዳልሆነ አረጋግጥ። ከዚያ እሳቸውን ይዘህ ምዝገባ ጣቢያ ሂድና በራሳቸው ስም ወዳለ ሲም አስቀይር። በተለይ ደግሞ ልትጥለው ያሰብኸው የድሮ ቁጥር ተመዝግቦ ከሆነ አትቆይ። ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ለሌላ ሰው ይሸጣል፤ ኮዱም ወደ አዲሱ ባለቤት ይሄዳል።